ባረጀ ቁጥር የሚወደደው «ዳክ»

የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴ በልቡ የያዘው አንድ ሕግ አለ። አዲሱ ሞዴል ወደብ ሲደርስ አሮጌው መጋዘን ውስጥ እንዳለ ይረክሳል። የአሥር ዓመት ኮምፒዩተር በኪሎ እንኳ ገዢ ለማግኘት ይቸገራል። በዚህ ሕግ ከሄድን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ ዲጂታል መሣሪያ ሁሉ ዛሬ የቁራሊዮ ዋጋ ብቻ ሊኖረው በተገባ ነበር። አብዛኛውም ዕጣው ይኸው ሆኗል። ይሁንና በጃፓን፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉት ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች ገበያዎች ውስጥ ሕጉን የጣሰ አንድ የዕቃ ዓይነት አለ። ይኸውም በሙያው ሰዎች አጠራር «ዳክ» የሚባለው፣ በቁጥር የተቀዳን ድምፅ ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው መሣሪያ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ፣ በላቦራቶሪ መለኪያ ሲታዩ ዛሬ ከሚመረቱት የሚያንሱ ዳኮች ገዢ አላቸው። ከዚያም አልፎ በሆዳቸው ያለችው ከጣት የማትበልጥ ቺፕ ለብቻዋ ተነቅላ ትሸጣለች። አስመስለው የሚሠሩላት ሰዎችም ተገኝተዋል። ፎርጅድ የሚሠራለት ዕቃ ደግሞ ገበያ ያለው ዕቃ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ለመሆኑ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለምንድን ነው? ለድምፁ ነው ወይስ ለሌላ ነገር?

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት መልሱ «በአብዛኛው ለሌላ ነገር» የሚል ነው። ገዢው የሚከፍለው ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ለቀውት ለሄዱት፣ እጅግ አድካሚ ለነበረ የትክክለኛነት ሥራ ነው። ይህን ለመረዳት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ግድ ይላል።

የሚዛኑ ነገር

ሲዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው በጃፓን፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ነው። ሶኒ ያወጣው ሲዲፒ-101 የተባለ ማጫወቻ ዋጋው 168,000 የን ነበር። ሥርዓቱን ያወጡት ሶኒና የሆላንዱ ፊሊፕስ በጋራ ናቸው። ዲስኩ ላይ የተቀመጠው ቁጥር ነው። ለግራና ለቀኝ ድምፅ ለየብቻ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ቁጥሮች ተጽፈዋል። እያንዳንዱ ቁጥር 16 ቢት ስለሆነ ከ65,536 ደረጃዎች መካከል አንዱን ያመለክታል። የዳክ ሥራ ቁጥሩን እየተቀበለ ለእያንዳንዱ ተመጣጣኝ የኤሌክትሪክ መጠን መስጠት ነው።

ነገሩን በሚዛን እንየው። አንድ የቡና ነጋዴ 16 የሚዛን ድንጋዮች አሉት እንበል። ትልቁ 100 ኪሎ ነው። ቀጣዩ 50፣ ሦስተኛው 25፣ አራተኛው 12 ኪሎ ተኩል፤ እንዲህ እያለ በግማሽ በግማሽ ይወርዳል። 16ኛው ድንጋይ የሚመዝነው 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በእነዚህ ድንጋዮች ከምንም ተነሥቶ እስከ 200 ኪሎ ድረስ በ3 ግራም ልዩነት የተፈለገውን ክብደት መሥራት ይቻላል። የ16 ቢት ዳክም እንዲሁ ነው፤ በድንጋይ ፈንታ 16 የኤሌክትሪክ ጅረቶችን እያበራና እያጠፋ ይደምራል።

ችግሩ የት ላይ እንዳለ ነጋዴ አያጣውም። የ100 ኪሎው ድንጋይ በ3 ግራም ቢሳሳት የመጨረሻው ድንጋይ መኖሩና አለመኖሩ እኩል ሆነ ማለት ነው። በቡና ንግድ ከኩንታል ላይ 3 ግራም ጎደለ ብሎ የሚካሰስ የለም። የዳክ መሐንዲስ ግን ይካሰሳል። ምክንያቱም በብዙዎቹ ቺፖች ላይ ትልቁ ድንጋይ የሚነሣውና የሚቀመጠው የድምፁ ሞገድ መካከለኛውን መስመር ባቋረጠ ቁጥር ነው፤ ለስለስ ያለው፣ ሊጠፋ የደረሰው ድምፅ ያለው ደግሞ እዚያው መስመር አጠገብ ነው። ስለዚህ የትልቁ ስህተት ትንሹን ይውጠዋል። ቁጥሩ ወደ 20 ቢት ከፍ ሲል የመጨረሻው ድንጋይ 0.19 ግራም፣ ወደ 24 ቢት ሲደርስ ደግሞ 0.012 ግራም ገደማ ይሆናል። ከኩንታል ጋር በአንድ ሚዛን ላይ!

ይህን ጣጣ ለመፍታት ሁለት ታላላቅ መንገዶች ነበሩ። የፊሊፕሱ መሐንዲስ ሩዲ ቫን ደ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው ሐሳብ ብልሃት የተሞላበት ነው። ሁለቱን ግማሾች ፍጹም እኩል ማድረግ ካልተቻለ ቦታቸውን በፍጥነት ማለዋወጥ ይቻላል። አንዱ በጨመረበት ጊዜ ሌላው ስለሚያጎድል ስህተቱ በአማካይ ይጣፋል። አማካዩን የሚያወጡት ከቺፑ ውጪ የሚተከሉ ትናንሽ ካፓሲተሮች ናቸው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣውን ቲዲኤ1541 የተባለ ቺፕና ታናሽ ወንድሙን ቲዲኤ1541ኤን የከፈተ ሰው በዙሪያቸው እንደ ዘብ የቆሙ ካፓሲተሮችን የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው መንገድ የአሜሪካኖቹ ነው። በአሪዞና ግዛት ቱሳን ከተማ የነበረው በር-ብራውን በቺፑ ላይ ያሉትን ስስ ሬዚስተሮች በሌዘር እያስፋቀ ልካቸውን ያመጣ ነበር። ወርቅ አንጣሪ ቀለበቱን በሞረድ እንደሚያስተካክለው ነው። ባለ20 ቢቱ ፒሲኤም63ና ባለ24 ቢቱ ፒሲኤም1704 ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቺፕ ከቺፕ አይመሳሰልም። ከአንድ እርሻ የተለቀመ ቡና ደረጃ አንድና ደረጃ ሦስት እንደሚሆነው ሁሉ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ቺፖችም እየተፈተኑ ይለዩ ነበር። ፊሊፕስ የተሻሉትን ኤስ1 ብሎ አንድ ዘውድ፣ ከእነዚያም የላቁትን ኤስ2 ብሎ ሁለት ዘውድ ያትምባቸዋል። በር-ብራውን ደግሞ ምልክት ከሌለው ተነሥቶ ጄ፣ ከዚያ ኬ እያለ በፊደል ደረጃ ይሰጣል። ያችን ዘውድና ያችን ፊደል አንባቢ ልብ ይበል። የዛሬው ገበያ ጠቡ እነርሱ ላይ ነው።

ጣሳው ድንጋዩን አሸነፈ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ራሱ ፊሊፕስ «ቢትስትሪም»፣ ማትሱሺታም ከጃፓኑ ኤንቲቲ ጋር «ማሽ» የተባሉ ሥርዓቶችን ይዘው መጡ። የሁለቱም ሐሳብ ቀላል ነው። 16 ድንጋይ ከማመጣጠን አንዲት ጣሳ ብቻ ይዞ እጅግ በፍጥነት ደጋግሞ መስፈር። በፊሊፕስ አሠራር ጣሳዋ በሰከንድ 11.3 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ትሰፍራለች። ጣሳዋ አንዲት ስለሆነች ከሌላ ጋር መመጣጠን የለባትም። እንዲህ ያለው አሰፋፈር የሚፈጥረው ጩኸት ደግሞ በሒሳብ ተገፍቶ የሰው ጆሮ ከሚሰማው ድግግሞሽ በላይ ይጣላል።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክሱን ነገር ማየት ይገባል። በቀድሞው አሠራር ትክክለኛነት ወጪ የሚጠይቀው ፋብሪካው ወለል ላይ ነበር። ሌዘሩ፣ ፈተናው፣ መራጩና ተጥሎ የሚቀረው ሁሉ በእያንዳንዱ ቺፕ ላይ ይታሰባል። በአዲሱ ግን ወጪው አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሒሳብ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ተራ ዲጂታል ቺፕ ነው። ተራ ዲጂታል ቺፕ ደግሞ በየዓመቱ ይረክሳል። ውጤቱ ሊያስገርም አይገባም፤ ድንጋዩ ተሸነፈ። ዛሬ በየስልኩና በየቴሌቪዥኑ ያለው መለወጫ የዚያች ጣሳ ልጅ ነው።

ተሸናፊው ግን ወዲያው አልሞተም። ማራንትዝ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲዲ-7 የተባለውን ታላቅ ማጫወቻውን ሲያወጣ በውስጡ የከተተው ቲዲኤ1541ኤን ነበር፤ ያውም ባለ ሁለት ዘውዱን። ቺፑ ያኔም የአሥራ ምናምን ዓመት ንድፍ ነበረ። አምራቹ ራሱ በአሮጌ ቺፕ ሲኮራ ያየ ገዢ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም። ከዚያ በኋላ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በር-ብራውንን ጠቀለለው፤ ስምምነቱ ይፋ ሲሆን ዋጋው በአክሲዮን 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገምቶ ነበር። የፊሊፕስ የቺፕ ክፍልም እ.ኤ.አ. በ2006 ተለይቶ ኤንኤክስፒ ሆነ። ዘውድ ያለው ቺፕም ሆነ ፒሲኤም63 ዛሬ አይመረትም። አቅርቦቱ ካለው በላይ ላይጨምር ተቆረጠ ማለት ነው።

አንዱን ሣጥን ሁለት ማድረግ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ቺፑ ነው። በዘመኑ በውድ የተሸጡት መሣሪያዎች ግን ከቺፑ በላይ ናቸው። ማጫወቻው ከዳኩ ተለይቶ በሁለት ሣጥን መሸጥ የተጀመረው በእነዚሁ ዓመታት ነው። አንደኛው ሣጥን ዲስኩን ያሽከረክራል፤ ሁለተኛው ይለውጣል። ነጋዴ ዓይን ላለው ሰው ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ዋጋ የነበረው ሁለት ዋጋ ሆነ፤ በመሐልም ሽቦ ይሸጣል።

መለያየቱ ግን ራሱ አዲስ በሽታ አመጣ። ሶኒና ፊሊፕስ ባወጡት የማገናኛ ደንብ መሠረት ቁጥሩም፣ ቁጥሩ መቼ እንደሚለወጥ የሚነግረው ሰዓትም በአንድ ሽቦ ይሄዳሉ። ሰዓቱ በመንገድ ላይ ከተንገዳገደ ትክክለኛው ቁጥር በተሳሳተ ቅጽበት ይደርሳል። ይህም ስህተት ነው። ለ20 ሺህ ኸርትዝ ሙሉ ድምፅ የ16 ቢት ትክክለኛነት እንዳይናጋ የሚፈቀደው የሰዓት መዛነፍ ምን ያህል እንደሆነ ቢሰላ፣ አንዱ ሰከንድ በሺህ ቢሊዮን ተከፍሎ 120 ክፍል ያህል ብቻ ነው። የዘመኑ መሐንዲሶች እንቅልፍ ያጡት በዚህ ነበር። ወፋፍራም ትራንስፎርመሮች፣ ለዲጂታሉና ለአናሎጉ ተለይተው የቆሙ የኃይል ማቅረቢያዎች፣ ከአሉሚኒየም የተፈለፈሉ ሣጥኖች ሁሉ የመጡት ከዚህ ጭንቀት ነው። እርግጥ ለማማርም ጭምር ነው።

አሜሪካኖቹ ዋዲያና ቴታ በዚህ መስክ ስም ያወጡ ናቸው። ሁለቱም ገበያ የሚሸጠውን የተዘጋጀ ማጣሪያ ቺፕ ትተው የራሳቸውን ሒሳብ በፕሮግራም ጻፉ። ቴታ ለዚህ ሥራ የሞቶሮላን 56001 ቺፕ ተጠቅሟል። ማርክ ሌቪንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 ቁጥር 30 የተባለውን ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ዋጋ ቆርጦ ለገበያ አቀረበ። የኃይል ማቅረቢያው ለብቻው በሌላ ሣጥን የነበረ ሲሆን፣ ባለቤቱ ገንዘብ ጨምሮ ሆዱን ወደ 30.5 ከዚያም ወደ 30.6 ማስለወጥ ይችላል። ዲጂታል ዕቃ ቶሎ እንደሚረክስ የገባቸው ሻጮች ለደንበኛው የሰጡት ዋስትና መሆኑ ነው።

ዋስትናው አብዛኛውን ባለቤት አላዳነም። በአዲስነታቸው በሺዎች ዶላር የተሸጡ ዳኮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በትንሽ ክፍልፋይ ዋጋ እጅ ለእጅ ዞሩ። ዛሬ ዋጋቸው ያንሠራራው ሁሉም ሳይሆኑ በሆዳቸው የተወሰኑትን ቺፖች የያዙት ናቸው። ማስታወቂያዎቹን ያየ ሰው እንደሚገነዘበው ሻጩ አንዳንዴ ከማሽኑ ስም አስቀድሞ የቺፑን ቁጥር ይጽፋል።

ቺፑ በረከሱ ማጫወቻዎችም ውስጥ ስለነበረ አንድ ሌላ ንግድ ተፈጠረ። የመለዋወጫ ነጋዴዎች መኪና «አረዱ» እንደሚባለው የ1980ዎቹ የፊሊፕስና የማራንትዝ ማጫወቻዎች ለቺፓቸው ይታረዳሉ። በእያንዳንዱ እርድ ያልተነካው ማሽን ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀሩትም ዋጋ ይጨምራል። የሌዘር ዓይናቸው የደከመ ማጫወቻዎች ወደ እርዱ የሚሄዱት በቅድሚያ ነው።

ጆሮ ምን ይላል?

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጥያቄ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜየርና ሞራን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ አለ። ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው ከተባሉ ዲስኮች የሚወጣውን ድምፅ አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በ16 ቢትና በ44,100 አሳልፈው ለአድማጮች አሰሙ። አድማጮቹ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። ከ554 ሙከራዎች ውስጥ በትክክል የተለዩት 276 ናቸው፤ 49.8 በመቶ። ሳንቲም ወርውሮ ዘውድና ጎፈር ከማለት አይለይም። ሙከራውን የነቀፉ አሉ፤ ነገር ግን በተመሳሳይ ጥንቃቄ ተቃራኒውን ማሳየት እንደ ማውራት ቀላል አይደለም።

ከዚህ ጎን ሌላ ዋጋ እናስቀምጥ። አፕል ለስልኮቹ የጆሮ ማዳመጫ ማገናኛ አድርጎ በአሜሪካ በ9 ዶላር የሸጣት ትንሽ ሽቦ በውስጧ ዳክ አለ። ሲለካም የ16 ቢት የንድፈ ሐሳብ ጣራ ከሆነው 98 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል። በ1992 ማንም በማንኛውም ዋጋ ቢያገኘው የሚደሰትበት ውጤት ነው።

ታዲያ አሮጌ ዳክ ይዘው «ልዩነቱን እሰማለሁ» የሚሉ ሁሉ ይዋሻሉ? እንዲህ ማለት ትክክል አይሆንም። ጃፓናዊው ርዮሄ ኩሱኖኪ እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 በአገሩ መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ዲጂታል ማጣሪያው ከነጭራሹ ይውጣ ሲል ተከራክሮ ነበር። የእርሱ ተከታዮች አሮጌውን ቺፕ ያለ ማጣሪያ ያጫውታሉ። እንዲህ ሲደረግ 20 ሺህ ኸርትዝ ላይ ያለው ድምፅ በ3.2 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። ይህ ሒሳብ ነው፤ ጆሮው ጤነኛ የሆነ ወጣት ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ ልዩነት አለ። የተለየ ነው ማለትና የተሻለ ነው ማለት ግን ለየቅል ናቸው፤ አንዳንዱ ሰው ጫፉ የለዘበ ድምፅ ይወዳል፤ መብቱ ነው።

አቅርቦቱ ከወዴት ይመጣል?

ብርቅነት ዋጋ ሲያወጣ ተተኪ ይፈለጋል። የቻይናዎቹ ዴናፍሪፕስና ሆሎ ኦዲዮ ቺፕ ሳይሆን ነጠላ ሬዚስተሮችን በመቶዎች ደርድረው የድንጋዩን ዘዴ መልሰው አምጥተዋል። በገበያ የሚገኝ ጥሩ ሬዚስተር ስህተቱ 0.01 በመቶ ነው። በእኛ ሚዛን ሲታሰብ ከኩንታል ላይ 10 ግራም ማለት ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ከ3 ግራም በታች። ስለሆነም ትልቁን ድንጋይ ወደ ብዙ እኩል ትናንሾች በመከፋፈልና በማረም ነው የሚደረስበት። አሜሪካ ውስጥም የቴታ መሥራች የነበረው ማይክ ሞፋት ሺት ኦዲዮ በተባለ ኩባንያ ለላቦራቶሪና ለሕክምና መሣሪያዎች የተሠሩ ትክክለኛ ቺፖችን ለሙዚቃ አውሏል። እነዚህ መሣሪያዎች አሮጌዎቹን ሙሉ በሙሉ አልተኩም፤ ነገር ግን ያለ ልክ እንዳይወጡ እንደ ጣራ ሆነው ያገለግላሉ።

አዲሱ ገበያም ቢሆን ድንጋጤ አያጣውም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 2020 በጃፓን ኖቤኦካ ከተማ የኤኬኤም ኩባንያ የቺፕ ፋብሪካ በእሳት ተያያዘ፤ ቃጠሎው ለቀናት ቆየ። ኤኬኤም ለዓለም የድምፅ መሣሪያዎች ዋና አቅራቢ ስለነበር መጋዘን ውስጥ የቀሩት ቺፖች ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በርካታ አምራቾችም ንድፋቸውን ወደ ተወዳዳሪው ኢኤስኤስ ለማዞር ተገደዱ። የትናንቱ ተራ ቺፕ በአንድ ሌሊት ብርቅ ሲሆን የታየበት አጋጣሚ ነው።

አሮጌ ዳክ ለመግዛት ለሚያስቡ ጥቂት ነገሮችን መጥቀስ ይገባል። «ለማያውቁሽ ታጠኚ» የተባለው ለዘውዱ ቺፕ ጭምር ነው፤ የተራውን ቺፕ ፊት ፍቀው ኤስ1 ብለው የሚያትሙ አሉ። ፊቱ የተሞረደ የሚመስል፣ ጽሑፉ በአሴቶን ሲጠረግ የሚለቅ ከሆነ መጠንቀቅ ነው። ብቻውን ከተነቀለ ቺፕ ይልቅ ከነቦርዱ፣ ብየዳው ያልተነካውን ማየት ይሻላል። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች በሙቀት ይደርቃሉ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ይጨምራል ይባላል። ሌት ተቀን ሲግል የኖረ ዳክ እንግዲህ የጥገና ወጪው ከዋጋው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። የዘመኑ ዳኮች የዩኤስቢ መግቢያ የላቸውም፤ ብዙዎቹም ከ48 ሺህ በላይ የሆነ ፍጥነት አይቀበሉም።

በመጨረሻም የጃፓን ዕቃ የሚያስመጣ ሰው ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ያንብብ። ለጃፓን ገበያ የተሠራው ለ100 ቮልት ነው። ወደ 220 ቮልት ከመሰካቱ በፊት መቀነሻ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ የዚህም ዋጋና ክብደት ከጭነቱ ሒሳብ ላይ ይደመራል።